ጎማና ጎመን

ጥያቄው፦ «ሰላም ለእናንተ። ቤተሰቦቼ ኮምቦልቻ መግቢያ ላይ፣ ከሀረጎ ቁልቁለት ግርጌ፣ አስፋልቱን ተጠግቶ ትንሽ ማሳ አላቸው። እናቴ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ታመርታለች፤ ወደ ውስጥ ደግሞ ማሽላ አለ። ክረምት ላይ ከመንገዱ ቦይ የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፈን ወደ ማሳው እናስገባለን። ሰሞኑን አንድ ዘመዳችን ‹የመኪና ጎማ ብናኝ አፈሩን ይገድለዋል፣ የመሬት ትሎቹንም ይጨርሳል› ብሎ እናቴን አስደነገጣት። እውነት ነው? ቅጠሉ ላይ የምናየው ጥቁር ነገርስ እሱ ነው? ችግኝ የምናፈላባቸውን አሮጌ ጎማዎችስ እንጣላቸው?»

አብሽር ወንድሜ፣ እናትህንም አብሽሪ በልልኝ። ማሳው አልሞተም። ዘመዳችሁም ግን ዝም ብሎ አላወራም። ነገሩ እውነት አለው፣ ትንሽ ቅመም በዝቶበት ነው የደረሳችሁ። እኔን ያሳሰበኝ እናንተ እንደ ቀላል ያለፋችሁት ነገር ነው፣ ያ ክረምት ላይ ከቦዩ የምትጠልፉት ጎርፍ። እመጣበታለሁ።

ሥራዬ አፈር ነው። ያደግሁት ሐርቡ ስለሆነ፣ ዋልካ ጫማዬ ላይ ተጣብቆ አንዳንድ ኪሎ እየጨመረብኝ ነው ትምህርት ቤት የተመላለስኩት። ስለ አፈር ሳወራ ብረዝም ታገሠኝ።

ከጎማው እንጀምር። ጎሚስታ ጋ ስትሄድ «ይሄ ጥርሱ አልቋል» ይልሃል። ትቀይራለህ። ያለቀው ጥርስ የት ደረሰ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ግን አይቼ አላውቅም። የትም አልሄደም፣ አብዛኛው መንገድ ዳር ነው ያለው። አንድ የቤት መኪና ጎማ አዲስ ከገባበት ቀን እስከሚጣልበት ድረስ ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ኪሎ ያህል ከራሱ ላይ እያስፋቀ ይተዋል። የአራቱን ጎማ ብትደምረው በግርድፉ በአንድ ኪሎ ሜትር 0.1 ግራም ገደማ ነው። ከባድ የጭነት መኪና ደግሞ የዚህን አሥር እጥፍ ያህል፣ ወደ አንድ ግራም ይጠጋል። አንድ ግራም ምን አላት ትል ይሆናል። በቀን ሺህ ከባድ መኪና የሚያልፍበት መንገድ ቢኖር፣ እያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ላይ በየቀኑ አንድ ኪሎ ጎማ ተፈጭቶ ይቀራል ማለት ነው። ወፍጮ ቤት በለው።

ይህ ደግሞ ሜዳ ላይ ነው። የእናንተ ማሳ ያለው ሀረጎ ግርጌ ነው። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ መንገዱ 600 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል፣ ያውም እየተጠማዘዘ። ጎማ በብዛት የሚፈጨው ፍሬን ሲያዝ፣ ሲታጠፍና ዳገት ሲገፋ ነው፤ ከነተሳቢው ከሃያ በላይ ጎማ ያለው መኪና ጭነቱን ተሸክሞ ያን ጠመዝማዛ ሲወርድና ሲወጣ ሦስቱንም አንድ ላይ ያደርጋል። ረዳት ሆኖ የሠራ ሰው ካወቅህ ሀረጎን ሲወርዱ የሚሸተው ምን እንደሆነ ጠይቀው። የፍሬን ሸራና ጎማ ነው የሚልህ።

እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ አንድ ጥናት ግምቱን ለዓለም ሕዝብ አካፍሎት ነበር፤ በነፍስ ወከፍ በዓመት 0.81 ኪሎ የጎማ ብናኝ ደረሰ፣ ለአሜሪካዊው 4.7 ኪሎ፣ ለህንዱ 0.23 ኪሎ። እኛ መኪናችን ጥቂት ስለሆነ ብዙዎች ይህ የፈረንጅ ችግር ነው ብለው ያልፉታል። እኔ አልስማማም። አማካይ ቁጥር ሀረጎን አያውቅም። ያለን መኪና በሙሉ በጥቂት መንገዶች ላይ ነው የሚተራመሰው፤ ስለዚህ ጥያቄው አገሪቱ ስንት ጎማ ትፈጫለች ሳይሆን ያንተ ማሳ ዳር ስንት ይፈጫል ነው።

ብናኝ ሲባል ሰው ዱቄት ይመስለዋል። ከእንዲህ ዓይነት መታጠፊያ ዳር የተወሰደ አፈር በማጉያ መነፅር ስር ብታይ አንድ ነገር ቶሎ ዓይንህ ውስጥ ይገባል፦ ጥቁር፣ ሞላላ፣ ሁለት ጫፉ ቀጠን ያለ፣ የአይጥ ኩስ የመሰለ ፍርፋሪ። ዙሪያውን የአስፋልቱ የድንጋይ ብናኝ ተለጥፎበታል፣ ሚጥሚጣ ላይ እንደተንከባለለ ጥሬ ሥጋ። እኔ በመርፌ ጫፍ ነው የምለየው። ሲጫኑት ፍርክስ ካለ ከሰል ወይም ሬንጅ ነው። እጥፍ ብሎ ተመልሶ ቀና ካለ ጎማ ነው። በጣም ያስደስታል፣ ልጅ ያደርገኛል። መጠኑ ብዙውን ጊዜ ከአንድ የፀጉር ውፍረት አነስ ወይም ተለቅ ያለ ነው። ግማሽ ያህሉ ጎማ፣ ግማሽ ያህሉ ደግሞ መንገዱ ራሱ ስለሆነ ከውሃ ይከብዳል። ይህን «ይከብዳል» የምትለዋን ያዝልኝ፣ በኋላ ታስፈልገናለች።

ስለሚከብድ ብዙም አይበርም። በአየር ላይ የሚንሳፈፈው ደቃቁ ከጠቅላላው ከአሥር በመቶ በታች ነው። የቀረው ከመንገዱ ጠርዝ ጥቂት ሜትሮች ውስጥ ይወድቃል፣ ከዚያ እየራቅህ በሄድህ ቁጥር መጠኑ በፍጥነት ይቀንሳል። ስለዚህ ቅጠሉ ላይ ያለው ጥቁር ነገር በአብዛኛው የናፍጣ ጥላሸትና የመንገድ አቧራ ነው፤ የፍሬንም የጎማም ደቃቅ አለበት፣ ግን ዋናው እሱ አይደለም። በደንብ ማጠብ ነው። ዋናው ጎማ መሬት ላይ ነው ያለው።

አሁን አፈሩ ውስጥ ገብቶ ምን ያደርጋል? ጎማ ላስቲክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር። ውስጡ ከዛፍ የሚገኝ ጎማ አለ፣ ከነዳጅ የሚሠራ ጎማ አለ፣ ጥላሸት፣ ሲሊካ፣ ዘይት፣ ድኝ፣ ዚንክ ኦክሳይድ፣ ላዩ ላይ ደግሞ ስማቸው የሚያደክም የኬሚካል መዓት። ላስቲኩ ራሱ ዱዳ ነው። የሚናገሩት እነዚህ ናቸው።

ከኬሚካሎቹ ዝነኛው 6ፒፒዲ ይባላል። ፀሐይ ላይ የከረመ አሮጌ ጎማ እንደ በጋ ዋልካ ሲሰነጣጠቅ አይተህ ታውቃለህ? ጎማውን እንዲያ ከሚያደርጉት አንዱ አየር ውስጥ ያለው ኦዞን የሚባል ጋዝ ነው። 6ፒፒዲ ወደ ጎማው ገጽ ቀድሞ እየወጣ ኦዞኑን ይጋፈጥለታል፣ እሱም በዚያው ተለውጦ 6ፒፒዲ-ኪኖን የሚባል ሌላ ውህድ ይሆናል። አሜሪካ፣ ሲያትል አካባቢ ኮሆ ሳልመን የሚባለው ዓሣ ለመራባት ወደ ወንዝ ሲመለስ፣ ዝናብ በዘነበ ቁጥር እየተገለበጠ ይሞት ነበር። ለዓመታት ምክንያቱ ጠፍቶ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ላይ ገዳዩ ከመንገድ የሚታጠበው ይህ ውህድ መሆኑ ታወቀ፤ በአንድ ሊትር ውሃ ከአንድ ማይክሮግራም በታች ይበቃዋል። ሌሎች ብዙ ዓሦች ደግሞ ከዚያ በብዙ የሚበልጥ መጠን ችለው ይኖራሉ። እዚህ ላይ ሰው ይሳሳታል፤ «ዓሣ ይገድላል» የሚለውን ሰምቶ ሁሉን ነገር ይገድላል ይላል። ያ ዓሣ እኛ ጋ የለም፣ ሐይቅ ሄደህ ዓሣ መብላትህን አታቁም። አፈር ውስጥ ላሉት ግን ነገሩ ባዶ አይደለም፦ ኔማቶድ በሚባሉት በዓይን የማይታዩ ትሎች ላይ በላብራቶሪ ሲሞከር ዕድሜያቸውንና መራባታቸውን እንደሚቀንስ ታይቷል።

ዚንኩ ላይ ትንሽ ልቁም፣ ምክንያቱም አስቂኝ ነገር አለው። ከጎማው ጥርስ ክብደት አንድ በመቶ ገደማ ዚንክ ነው። ዚንክ ደግሞ መርዝ ብቻ አይደለም፤ ሰብል ይፈልገዋል። የኛ አገር አፈር ብዙ ቦታ የዚንክ እጥረት ስላለበት ገበሬ ከሚገዛቸው ማዳበሪያዎች አንዳንዶቹ ውስጥ ሆን ተብሎ ይጨመራል። በአንድ በኩል በብር እየገዛን እንጨምራለን፣ በሌላ በኩል መኪናው በነፃ ያድለናል። እንግዲህ ሂሳቡን እንሥራው። አንድ ካሬ ሜትር መሬት አምስት ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ብትወስድ ወደ 65 ኪሎ አፈር ይሆናል። እዚያ ላይ 100 ግራም የጎማ ብናኝ ቢከማች አንድ ግራም ዚንክ ገባ ማለት ነው፣ በኪሎ አፈር 15 ሚሊግራም ገደማ ጭማሪ። አፈር በተፈጥሮውም በኪሎ በአሥራዎች የሚቆጠር ሚሊግራም ዚንክ ስላለው ይህ ብቻውን አገር አያጠፋም። መቶው ግራም በየጊዜው ከተደራረበ፣ ቦታው ደግሞ የጠርዙ የመጀመሪያ ሜትር ከሆነ፣ ሌላ ወሬ ነው። ዚንክ ሲበዛ ቀድመው የሚያማርሩት ናይትሮጅንን ለተክል በሚመች መልክ የሚያዘጋጁት ባክቴሪያዎች ናቸው። እነሱ ሲያማርሩ ገበሬው ትል አይቆጥርም፣ «ዘንድሮ ዩሪያው አልሠራም» ነው የሚለው።

ወደ ትሎቹ እንምጣ፣ እናትህን ያስደነገጣት እሱ ስለሆነ።

የመሬት ትል አፈር ውጦ አፈር የሚያወጣ ፍጡር ነው። ጎማ ይሁን ገለባ ብዙም አይመርጥም፣ ፍርፋሪው ከአፍ ከገባለት ይውጠዋል፣ በዚያኛው በኩል ያወጣዋል፤ በመንገዱም ከላይ የነበረውን ወደ ታች ይወስደዋል። አንጀቱ ውስጥ ሲያልፍ ግን አንዳንዱ ኬሚካል ይለቀቅበታል። ከሱ በጣም የሚያንሱ፣ ነጭ ክር የመሰሉ የትል ዘመዶች ላይ በተሠራ ሙከራ የጎማ ብናኝ የተቀላቀለበት አፈር ውስጥ ሲኖሩ የአንጀታቸው ባክቴሪያ ስብጥር ተዛብቶ ተገኝቷል። ሰው አንቲባዮቲክ ሲያበዛ ሆዱ እንደሚበላሽበት ዓይነት በለው። ሌላ ደግሞ አለ፦ እርጥብ ፍግ ስታገላብጥ ሽቅብ እየተፈናጠሩ የሚጠፉ ነጫጭ ጥቃቅን ነፍሳት አይተህ ከሆነ፣ እነሱ የበሰበሰ ቅጠልና ሻጋታ እየበሉ አፈር የሚሠሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣ ጥናት፣ ከአፈሩ ክብደት 1.5 በመቶው የጎማ ፍርፋሪ ሲሆን መራባታቸውም በሕይወት መቆየታቸውም ቀንሷል። ቀንሷል፣ አላለቁም። ተክልም ላይ ተሞክሯል፤ በርሊን ውስጥ በተሠራ ሙከራ አንድ በመቶ ጎማ ያለበት አፈር ላይ የበቀለው ተክል ግንዱም ሥሩም አነሰ።

አንድ በመቶ ማለት በኪሎ አፈር አሥር ግራም ነው። ብዙ ነው። አውሮፓ ውስጥ ትላልቅ መንገዶች ዳር ሲለካ በኪሎ ከጥቂት መቶ ሚሊግራም ጀምሮ፣ ጠርዙ ላይ እስከ አሥር ግራምና ከዚያም በላይ ተገኝቷል። ስለዚህ ላብራቶሪ ውስጥ ጉዳት ያመጣው መጠን ከእውነተኛው ዓለም የራቀ አይደለም፣ ግን ጠባብ መስመር ላይ ነው ያለው፤ የመንገዱ ከንፈር ላይ። ደግሞ አንድ ነገር ልንገርህ፣ ብዙዎቹ ሙከራዎች ጎማውን በብርድ አጠንክረው ፈጭተው ነው አፈር ውስጥ የሚደባልቁት። መንገድ ላይ የተፈጨው፣ ፀሐይ የመታው፣ ድንጋይ የለበሰው ፍርፋሪ ጠባዩ ሌላ ነው። የላብራቶሪ ውጤትን እንደ ፍርድ ሳይሆን እንደ ማስጠንቀቂያ ነው የምወስደው።

ይበሰብሳል ወይ? ይበሰብሳል፣ በዝግታ። ላስቲክ የሚበሉ ባክቴሪያና ሻጋታዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣ አንድ የቆየ ጥናት አፈር ውስጥ ግማሹ ለመጥፋት 16 ወር ገደማ እንደሚፈጅበት ገምቶ ነበር። ችግሩ አንተ 16 ወር ስትጠብቅ ሲኖትራኩ አይጠብቅህም።

ስለ ዋልካ አሁን። ዋልካ ከሆነ አፈራችሁ፣ ግማሽ ዜናው ጥሩ ነው። ዋልካ ሸክላው ብዙ ስለሆነና አብዛኛውን ጊዜ አሲዳማ ስላልሆነ ዚንክን ጨብጦ ይይዛል፤ ተክሉም ትሉም በቀላሉ አያገኘውም። ደጋ ላይ ያለ አሲዳማ ቀይ አፈር ቢሆን ኖሮ ይበልጥ እሰጋ ነበር። ሌላው ግማሽ ግን፣ ዋልካ በበጋ አፉን ይከፍታል። እጅህ እስኪገባ ድረስ ይሰነጠቃል አይደል? መሬቱ ላይ የተኛው ፍርፋሪ በነፋስም በከብት ኮቴም በመጀመሪያው ዝናብም እዚያ ስንጥቅ ውስጥ ይገባል፣ ክረምት ሲመጣ አፈሩ አብጦ ይዘጋበታል። የፈረንጆቹ ጥናቶች ብዙ ጊዜ የላይኛዋን ስስ ንጣፍ ለክተው የሚመለሱት፣ የነሱ አፈር ዝም ብሎ የሚተኛ ስለሆነ ነው። የኛ ይገላበጣል። ስለዚህ ለምርመራ አፈር ስትወስድ ላይ ላዩን አትጫር፣ አንድ አካፋ ሙሉ ቆፍር።

ይኸው ጎርፉ ጋ ደረስን።

ከመንገድ የሚወርድ ውሃን ጠልፎ ማሳ ማጠጣት ጥሩ ነገር ነው። በኛም ክልል በትግራይም ሲበረታታ የቆየ ሥራ ነው፣ ዝናብ በሚያጥርበት አገር ውሃን ዝም ብሎ ቦርከና ወንዝ ውስጥ መላክ ግፍ ነው። ግን አስበው። በጋውን ሙሉ ዝናብ የለም፤ የሀረጎ ጎማ፣ የፍሬን ሸራ፣ የሞተር ዘይት፣ ጥላሸት አስፋልቱ ጫፍና ቦዩ ውስጥ ተከማችቷል። የበልግም ይሁን የክረምት የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲወርድ ይህን ሁሉ ጠራርጎ የሚያመጣው በመጀመሪያዋ ግማሽ ሰዓት ነው። ያች ጥቁር፣ አረፋ ያላት፣ ነዳጅ ነዳጅ የምትሸት ውሃ። እናንተ ደግሞ ዝናብ ናፍቋችሁ ስለከረማችሁ መጀመሪያ የምትጠልፉት እሷን ነው። በነፋስ አሥር ሜትር መጓዝ ያቃተውን ጎማ በቦይ ተሸክማችሁ መሐል ጎመኑ ላይ ታስቀምጡታላችሁ። ሰው የሚፈራው አየሩን ነው። እኔ የምፈራው ይህን ውሃ ነው።

የአቧራው ጎማ የመንገዱ ዳር ጥቂት ሜትር ላይ ነው፣ ያን መተው ይቻላል። ጎርፉ ግን ማሳውን በሙሉ መንገድ ዳር ያደርገዋል።

እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። የወቅቱን የመጀመሪያ ሁለት ሦስት ጎርፎች አልጠልፍም፣ ቦዩን ዘግቼ አሳልፋቸዋለሁ። «ታዲያ ቦርከና ላይ መጣል አይደለም ወይ?» ካልከኝ ልክ ነህ፣ ሕሊናዬን ይቆረቁረኛል። ስለዚህ ቦታ ካለህ ከማሳው በፊት ጉድጓድ ቆፍር፤ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር፣ ጥልቀቱ እስከ ጉልበት ቢሆን ይበቃል፤ ልጅ እንዳይገባበት እሾህ እጠርበት። ውሃው እዚያ ገብቶ ፍጥነቱ ይቀንስ፣ ከዚያ በዝሆኔ ሳር ወይም በቬቲቨር መሐል ተንሸራትቶ ይውጣ። ቅድም ያዝልኝ ያልኩህ «ይከብዳል» እዚህ ነው የምትሠራው፤ ከባዱ ፍርፋሪ ውሃው ሲረጋ ይዘቅጣል። የሟሟው ኬሚካል አይዘቅጥም፣ እሱን ሙሉ በሙሉ አታስቀርም፣ ግን የሚሟሟበትን ጎማ ከማሳህ ውጭ አስቀረኸው።

ከእናትህ ጋር የምትጣሉት ጉድጓዱን ስትጠርጉ ነው። ደለል ይወጣል፣ ጥቁርና ለስላሳ። የወሎ ገበሬ ደለል ሲያይ ወርቅ ያየ ነው የሚመስለው፣ እናትህም «ጎመኑ ላይ በትነው» ትልሃለች። ይህን ደለል አይደለም። ወደ መንገዱ ትከሻ መልሰው ወይም ባሕር ዛፍ ስር ድፋው፣ ውሃ የማይወስደው ቦታ። ሳሩንም ከመንገዱ ጥግ ያለውን ለላም አትጨዱ፣ ለአጥር ወይም ለቤት ክዳን ይሁን።

ቅጠላ ቅጠሉን ከመንገዱ አርቁት። አሁን ጎመኑ ዳር፣ ማሽላው ውስጥ ነው አልከኝ። ገልብጡት። የቪየና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰላጣ ላይ በሠሩት ሙከራ፣ ከጎማ የሚወጡ በርካታ ኬሚካሎች፣ 6ፒፒዲና ኪኖኑ ጭምር፣ በሥር ገብተው ቅጠሉ ውስጥ ተገኝተዋል። ውስጥ የገባ ነገር ደግሞ በመታጠብ አይወጣም። መጠኑ ጥቂት ነው፣ ትናንት የበላችሁት ሰላጣ ያሳምማችኋል እያልኩ አይደለም። ቦታ መቀያየር ግን ገንዘብ አይጠይቅም፣ ማሽላው ቁመት ስላለው በዚያውም አቧራውን ይጋርድላችኋል። የመጀመሪያዎቹን አምስት ሜትር ለሳርና ለቁጥቋጦ ብትተዉ ደግሞ ይበልጥ ሸጋ ነው። ማሳው ትንሽ ነው ስላልክ አምስት ሜትር ቀላል እንዳልሆነ ይገባኛል፤ ሦስትም ቢሆን ከምንም ይሻላል።

ፍግና ኮምፖስት ጨምሩ። ይህን ምክር ለሁሉም ጥያቄ ነው የምሰጠው ብለው ባልደረቦቼ ይቀልዱብኛል። እዚህ ግን ሁለት ሥራ አለው፤ ዚንክንም ሌላውንም ኬሚካል አቅፎ ይይዛል፣ ለትሎቹም ምግብ ነው። የጠገበ ትል ብዙ ነገር ይችላል።

አሮጌዎቹ ጎማዎች አያስደነግጡም። ያልተፈጨ ድፍን ጎማ ገጹ ትንሽ ስለሆነ የሚለቀው በጣም በዝግታ ነው፤ መንገድ ላይ ከተፈጨው ጋር አይወዳደርም። አበባና የዛፍ ችግኝ አፍሉባቸው። ለሰላጣና ለቆስጣ ግን ሌላ ዕቃ ፈልጉ፣ በተለይ ጎማው ተሰነጣጥቆ እጅ ማጥቆር ከጀመረ። ቆራርጦ አፈር ላይ እንደ ጉዝጓዝ መነስነስ አይሆንም። ማቃጠል ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው፤ ጭሱ አንድ ችግር፣ ዚንክ የሞላበት አመዱ ሌላ ችግር። ለበረባሶ የሚገዛችሁ ካለ ሽጡለት።

ሹፌር ዘመድ ካላችሁ የጎማውን ንፋስ በልኩ ይሙላ፣ ጭነቱንም አያብዛ፤ ለሱም ጎማው ይበረክትለታል። የኤሌክትሪክ መኪና ሲበዛ ጭሱ ይቀንስልናል፣ ጎማው ግን አይቀንስም፣ እንዲያውም ባትሪው ስለሚከብድ ይጨምር ይሆናል። አውሮፓ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣችው ዩሮ 7 ደንብ ጎማ ምን ያህል መፈጨት እንደሚፈቀድለት ለመጀመሪያ ጊዜ ገደብ እንዲቀመጥለት ደንግጋለች። ወደኛ የሚመጣው ጎማ ያን እስኪያሟላ ጉድጓዱን ቆፍር።

የመጨረሻው ነገር፣ ትሎቹ አሉ የሉም የሚለውን ከኔም ከዘመዳችሁም ሳትጠብቅ ራስህ ማየት ትችላለህ። ሐምሌ መጨረሻ ወይም ነሐሴ ላይ፣ መሬቱ በደንብ ከራሰ በኋላ፣ በጠዋት። በበጋ እንዳትሞክረው፤ እኔ ሥራ እንደጀመርኩ የካቲት ላይ ቆፍሬ አንድም ትል አጣሁና «ይህ አፈር ሞቷል» ብዬ ሪፖርት ጻፍኩ። አለቃዬ እየሳቀ «ትሎቹ ወደ ታች ወርደው ተኝተዋል፣ አንተም ሄደህ ተኛ» አለኝ።

ሦስት ቦታ ምረጥ፦ ከአስፋልቱ አንድ ሜትር፣ አሥር ሜትር፣ ሠላሳ ሜትር። ቢቻል ሦስቱም በአንድ ጊዜ የታረሱ ይሁኑ፣ ማረሻም ትል ይቀንሳልና ጥፋቱን ለጎማ እንዳትሰጠው። በየቦታው ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር መሬት ሣሩን አንሳለት። አንድ የቡና ስኒ ሙሉ የሰናፍጭ ዱቄት በአምስት ሊትር ውሃ በጥብጥና ቀስ እያልክ አፍስስበት። ሰናፍጩ ሲያቃጥላቸው በአሥር ደቂቃ ውስጥ እየተጠማዘዙ ይወጣሉ፣ ትቆጥራለህ። የሠላሳው ሜትር ብዙ፣ የአንዱ ሜትር ጥቂት ከሆነ መንገዱ የራሱን ድንበር አሳየህ ማለት ነው፣ ሣሩን እስከዚያ ድረስ ትከል። አሥሩና ሠላሳው እኩል ጥቂት ከሆኑ ግን ጎርፉን ጠርጥር፣ መጥተህ ንገረኝና አፈሩን አብረን እናየዋለን። ቆጥረህ ስትጨርስ ትሎቹን በንጹህ ውሃ አለቅልቀህ ሰናፍጭ ያልነካው አፈር ላይ ልቀቃቸው፣ እዚያው ከተውካቸው ቆዳቸው ይቃጠላል።